እርሾው የእርስዎ ነበር

ውድ ሻርሼን ባይኬ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁንም መቀመጥ አቅቶኝ ከመስኮቱ ወንበሩ፣ ከወንበሩ መስኮቱ እየተመላለስኩ ነው የምጽፈው።

ናሪን ከተማ ካለው ቢሯችን ከወጡ አራት ወር ሆነ። ከተራራው መንደር በላይ ያለውን፣ ከበረዶ ቅላጭ የሚሞላውን ሐይቅ የውሃ ከፍታ የሚከታተለው ፕሮግራማችን የተጻፈበትን የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በእነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ከምንጭ ኮዱ መገንባት የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ። አንዱ በተበላሸ ቁጥር ትእዛዝ በትእዛዝ እየጻፉ ቀኑን ሙሉ ይውሉበት ነበር። ያስተምሩኝ ስልዎ «እያየሽ ልመጂ» አሉኝ። አየሁ። ከኋላዎ ቆሜ እያንዳንዱን ትእዛዝ ገለበጥኩ። ሁሉንም በተርታ ራሱ የሚፈጽም ስክሪፕት ሠራሁና ከላዩ የራሴን ስም ብቻ ጻፍኩበት።

ስብሰባው ላይ በእርስዎ ኮምፒውተር ሞከርኩት፤ ሠራ። አለቃችን ቴሚርቤክ ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲህ ሽማግሌው ጡረታ ቢወጡም አያሳስበንም» አለ። እርስዎ ወደ እኔ ዞር አሉ። እውቀቱ የማን እንደሆነ መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አቀርቅሬ ወረቀት አገላበጥኩ። በሳምንቱ ለቀው ቶክሞክ ልጅዎ ዘንድ ሄዱ።

ሰኔ ላይ ከመንደሩ በላይ ያለው ሐይቅ ሞላ። ኮምፒውተሩም ዕለቱን መርጦ በዚያው ጠዋት ሞተ። አዲስ ዲስክ ገጥሜ ስክሪፕቱን አስነሳሁት። ሃያ ደቂቃ ሄዶ ቆመ። ደገምኩት፤ እዚያው ቆመ። ቴሚርቤክ ከመንደሩ ሰዎች ጋር በስልክ እያወራ፣ «ሻርሼን ጋ ደውይ» አለኝ።

«ደውያለሁ፤ አያነሱም» አልኩት።

አልደወልኩም ነበር። ቁጥርዎ ፊቴ ተከፍቶ ጣቴ እምቢ አለኝ። ያለ እርስዎ አትችልም እንዳልባል ፈራሁ።

ሦስት ሰዓት ስዳክር ቆይቼ ገባኝ። ቋንቋው ራሱን በራሱ ነው የሚገነባው፤ አዲሱን ቅጂ ለመሥራት አስቀድሞ አሮጌው ቅጂ መኖር አለበት። ያለ እርሾ ሊጥ ኩፍ አይልም። በስብሰባው ቀን የሠራልኝ፣ ኮምፒውተርዎ ላይ የነበረውን የእርስዎን እርሾ አግኝቶ ነው። አዲሱ ዲስክ ባዶ ነበር።

አሮጌውን አስቀድሜ ገንብቼ የውሃውን ልክ ስክሪኑ ላይ ሳመጣ፣ ጎርፉ ድልድዩን ወስዶት ነበር። ቴሚርቤክ ልኩን ሳይጠብቅ መንደሩን ወደ ኮረብታው ስላስወጣ ሰው አልሞተም። ካንይሻይ የምትባል ሴት ግን ላሟን ልትፈታ ተመልሳ ውሃው ጥሏት እግሯ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳት። «ከቢሮ ምንም ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ፣ ጎርፉ አይመጣም ብዬ ነው የተመለስኩት» አለችኝ። የያዝኩላትን ብርቱካን አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ለቴሚርቤክ እንዳልደወልኩ ነገርኩት። «ይሄን ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ንገሪያቸው» አለ።

ስክሪፕቱ አሁን መጀመሪያ አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን ይገነባል። በባዶ ዲስክ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስምዎን ከስሜ በላይ ጽፌያለሁ፤ ካሳ ይሆናል ብዬ አይደለም።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ቶክሞክ እመጣለሁ። ልጅዎ በሩን ብትዘጋብኝ ደጅ እቀመጣለሁ። ለካንይሻይ እውነቱን እስካሁን አልነገርኳትም። ከእርስዎ ደጅ ቀጥሎ የምሄደው እሷ ጋ ነው።

አክባሪዎ፣
ቤጊማይ