ዘግይቼ የተቀመጥሁት ልቅሶ

ለፈንታሁን፣ ሰው ሳይሰማ ፈንቴ እያልሁ ለምጠራህ፤

ጉና ላይ አፈር ካለበሱህ ሦስት ዓመት አለፈ። በአንድ ቤት መኖር ከተውን ደግሞ ሰባት። ከየትኛው ቆጥሬ ልጀምርልህ እንደሚገባኝ አላውቅም። ሌላው ሰው ከባሉ የሚለየው አንድ ጊዜ ነው፣ እኔና አንተ ግን ሁለት ጊዜ የተለያየን ይመስለኝ ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አሉኝ። የምጽፍልህም ይኸው ግራ ስለገባኝ ነው።

ቤቱን መቼም አትረሳውም፤ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለውን፣ የስፌት መኪናዬ በረንዳው ላይ የተቀመጠበትን። ዛሬም እዚያው ነኝ። ከፊት ለፊት ሣር የነበረበት ቦታ ባጃጅ ማቆሚያ ሆኗል፤ ጧት ጧት የነጂዎቹ ጭቅጭቅ ነው የሚቀሰቅሰኝ። አከራያችን ግን አርጅተው ልጆቻቸው ወዳሉበት ባሕር ዳር ሊገቡ ተነሡ። «አንቺ ብትገዢው ደስ ይለኛል፤ ካልሆነልሽ ሞባይል የሚሸጠው ልጅ ጠይቆኛል። እስከ ሰኔ ልጠብቅሽ» አሉኝ። ያን በረንዳ ካጣሁ ደንበኞቼ የት ያገኙኛል? እንደ አዲስ መኪናዬን ተሸክሜ በር በር ማንኳኳት አይሆንልኝም፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ካጠራቀምሁት የጎደለውን ልበደር ብዬ ባንክ ሄድሁ።

ብድር የምታየው ልጅ ትሑት ናት። «እናቴ፣ በወር ስንት ያገኛሉ?» አለችኝ። «የትኛው ወር?» አልኋት። ሳቀች፤ እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ጥምቀት ሲቃረብ ሰው በረንዳው ላይ ተራ ይይዛል፤ መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም አለ፤ ሐምሌ ላይ ግን ዝናቡን እያየሁ አዝራር ስተክል ነው የምውለው። ደሞዝ ያለው ሰው ወሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው መሰለኝ። ንግድ ፈቃዴንና የከፈልሁትን ግብር አየችና ሥራዬን የሚመለከት ሰው ላከች። ሰውዬው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ሲቆጥር ዋለ። የሱሪው ጫፍ ተተርትሮ ስላየሁት ቁጭ እንዳለ ሰፋሁለት። ሒሳብ ልክፈል ሲል «ተወው፣ ይልቅ ይህንንም ደምረህ ቁጠረው» አልሁት።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሥራዬ አለፈ። እኔ ነኝ ያላለፍሁት።

«ያገቡ ነዎት?» አለችኝ ልጅቷ። ፈትቻለሁ አልኋት። የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አለች። በሽማግሌ ነው የተፋታነው አልሁ። «እንግዲያ በሕግ አልተፋታችሁም እናቴ፤ ባለቤትዎ መጥተው አብረው መፈረም አለባቸው።» ሞቷል አልኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የፈቱት ነው የሞተው ወይስ ያልፈቱት?» ስታሾፍ አይደለም፤ እሷም እንደ እኔ ግራ ገብቷት ነው።

እኔ ያወቅሁት ያየሁትን ነው ፈንቴ። አያ መኩሪያ ግቢ፣ እሳቸውን ጨምሮ ሦስቱ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ሰማንያችንን ለሁለት ቀደው እሳት ውስጥ ጣሉት። ወረቀቱ ሲጠቀለል አብረን አየነው። ከዚያ በላይ ምን መፋታት አለ? አንተ ላሟን ነድተህ ወደ ጉና ወጣህ፣ እኔ የስፌት መኪናዬን ይዤ ቀረሁ። አልተጣላንም እኮ። አባትህ ሞተው መሬቱን የሚያርስ ሲጠፋ «እንውጣ» አልህ፤ እኔ ደግሞ «ጉና ላይ የስፌት መኪና ምን ይሠራል?» አልሁ። ማንም ክፉ ነገር አልተናገረም። አሁን ሳስበው ክፉ ነገር ብንነጋገር ኖሮ ይሻል ነበር፤ ክፉ ነገር ይታረቁበታል።

ከዚያ ወዲህ «ፈት ነኝ» እያልሁ ኖርሁ። ላግባሽ ለሚለኝ ሰውም፣ ለማኅበርም፣ ለንስሓ አባቴም። ለካ ያን ጊዜ ሁሉ የሰው ሚስት ነበርሁ። የገበያ ሰው ሲያሾፍብኝ ይሰማኛል፤ «ሳታውቂ ባል ነበረሽ» ይሉኛል።

ስትታመም መልእክት ሰደድህብኝ፤ ድንች ይዞ የወረደ የሰፈራችሁ ሰው «ፈንታ ታሟል፣ ቢያያት ደስ ይለዋል» አለኝ። በመስከረም ነበር፤ በረንዳው ሙሉ ዩኒፎርም ነበር። «እኔ ምኑ ነኝ?» ብዬ መለስሁት። ይህን ታውቀዋለህ፤ ነግሮሃል። በቀብርህም ቀን የመጣሁት እንደ ሩቅ ለቀስተኛ ነው። ነጠላዬን እንደማንኛውም ሰው አጣፍቼ ከኋላ ቆምሁ፤ እህትህ እቴ የሻረግ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ፀሐዩን አይ ነበር። ይህን ግን አንተም አታውቀውም።

ልጅቷ አስረዳችኝ። ከሞተ ሰው ጋር ፍቺ የለም። ስለዚህ እስክትሞት ሚስትህ እንደነበርሁ ምስክር አቅርቤ ፍርድ ቤት ቢያረጋግጥልኝ፣ «ባሏ የሞተባት» ተብዬ ለብቻዬ እፈርማለሁ። ምስክር ደግሞ ከዘመድህና ነገራችንን ከሚያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ አያ መኩሪያ ዘንድ ሄድሁ። «እኔው ራሴ አፋትቼሽ፣ እኔው ራሴ ሚስቱ ናት ልበል? ምላሴን ለሁለት ልትሰነጥቂው ነው?» አሉኝ። እኔም የምለው ያው ነበር።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሳምንት ወደ ጉና ወጣሁ። እቴ የሻረግ ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው፤ እጃቸውን ሳይጠርጉ ቀና አሉ። «መሬቱን ልትካፈዪ ነው የመጣሽ?» አሉኝ። አይደለም እቴ፣ ቤት ልገዛ ነው፤ ባንኩ ባልሽ መሞቱን አረጋግጪ አለኝ አልኋቸው። «ባንኩ ካልነገረሽ አታውቂውም ነበር?»

አንገቴን ደፋሁ። ቤት አስገቡኝ፣ በሶ በጠበጡልኝ። እኔም መሬቱን እንደማልፈልግ በጽሑፍ እሰጥዎታለሁ አልኋቸው። «መሬቱስ ደህና። እኔ ግን በመስቀል ምዬ ነው የምመሰክረው» አሉ። «ሚስት ባሏን ሳታለቅስ አትቀርም። አንቺ አላለቀስሽውም። ወጥተሽ ልቅሶ ተቀመጪ፣ አገር ይይሽ። ያን ጊዜ የምመሰክረው እውነት ይሆናል።»

ለቤት መግዣ ብሎ ልቅሶ የተቀመጠ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። ወርጄ ስንት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ከረምሁ። ብሄድ ላስመስል ነው፤ ብቀር ቤቴን ላጣ ነው፤ አንተን ደግሞ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስቀይምህ አላወቅሁም። በመጨረሻ ጥቁር ጨርቅ አነሣሁ። በዚህች ከተማ ስንቱ ሐዘንተኛ ከእኔ መኪና ሥር የወጣ ጥቁር እንደለበሰ ታውቃለህ፤ ሰው በሞተ ቀን እየሮጡ ይመጣሉ፣ እኔም ልክ ሳልወስድ በዓይኔ ለክቼ እቆርጣለሁ። የራሴን ስቆርጥ ግን ልኬን አጣሁት። ሁለት ጊዜ ተርትሬ ሰፋሁት። ታስታውሳለህ፣ ለልኬት የምቆርጠው አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነበር ፊደል የለየሁት፤ የአንዱ ወሬ መጀመሪያው ቀኝ እጅጌ ላይ ይሆንና መጨረሻው ግራ እጅጌ ላይ ይገኛል፣ አንዳንዴም ደንበኛ ይዞት የሄደ ይመስል ጨርሶ ይጠፋል። አንተ «መጨረሻውን እኔ ልንገርሽ» እያልህ ከራስህ ትፈጥርልኝ ነበር፤ ሁሌም ሰውየው በግ አርዶ ያበቃል። ይህን የእኛን ግን እንዴት እንደምታበቃው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ጉና ወጥቼ እቴ የሻረግ ቤት በተቀመጥሁ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ገሚሱ ለሐዘን፣ ገሚሱ ለጉድ። አንድ ሽማግሌ ከደጅ ሆነው «ፈንታ ደግሞ ሞተ እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። «ዝም በሉ፣ ሚስቱ ገና ሰምታ ነው» አላቸው ሌላው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል እየገቡ፤ እኔ «አሜን» እላለሁ። ዕንባ ግን የለም። ሆዴ ውስጥ ያለው በረንዳው ነበር። ሰኔ እየደረሰ ነው፣ ሞባይል ሻጩ ልጅ ቀብድ ሰጥቶ ይሆን እያልሁ ነበር። ሙሾ አውራጇ ሳይቀሩ ዓይን ዓይኔን አይተው ሲሰለቹ ሙሾውን ተዉት።

እቴ የሻረግ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ኮትህን አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። ያን ግራጫውን። ግራኝ ስለሆንህ የውስጥ ኪሱን በቀኝ በኩል ያደረግሁልህን፤ ሰው ሲያይ ሰፊዋ ተሳስታ ነው የሚለውን። ጨርቁ አልቋል፣ ብብቱ ሥር ያለው ስፌቴ ግን ያው ነው። ክርኑ ላይ ሌላ ጥፍ አለ፣ የተሰፋበት እራፊ። የእኔ አይደለም። ክሩ ነጭ፣ ስፌቱ የተራራቀ፣ ቋጠሮው ባቄላ የሚያህል። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የለም። የእጅህን ሥራ አወቅሁት። ደብረ ታቦር ገበያ ስትወርድ በደጄ አልፈህ፣ ለክርንህ ጥፍ ቤትህ ገብተህ ራስህ መርፌ ይዘሃል። ልታስቸግረኝ አልፈለግህም ይሆናል፤ ወይም ከእኔ በቀር ማንም እንዲሰፋው አልፈለግህም። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፣ አሁንም አላውቅም። ጥፉን በጣቴ ነካሁትና ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። እቴ የሻረግ ናቸው ክንዴን ይዘው ያስቀመጡኝ፤ «በቃሽ፣ በቃሽ ልጄ» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

ልቅሶ መቀመጤን ሰምተው አያ መኩሪያም እሺ ስላሉ ፍርድ ቤት ሁለቱም መጡ። አያ መኩሪያ «እኔ አፋትቻቸው ነበር፤ አልተፋቱም የምትሉ ከሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፣ የእኔ ፍቺ አይቆጠርም ካላችሁ ሚስቱ ናት ማለት ነው» ብለው ዳኛዋን አሳቁ። እቴ የሻረግ ግን አልሳቁም። ሲሞት ሚስቱ ነበረች ወይ ተብለው ሲጠየቁ «አልቅሳዋለች፤ ምን ትሁን ታዲያ?» አሉ። ተጻፈ። ባሏ የሞተባት ተባልሁ። ሰኔ ሳያልቅ ለብቻዬ ፈርሜ ቤቱን ገዛሁት፤ ለብዙ ዓመት ለባንኩ እከፍላለሁ፣ ለሐምሌም እንዲተርፍ ከጥምቀት ላይ አስቀምጣለሁ።

ግራ መጋባቴ ግን አብሮኝ ተቀምጧል ፈንቴ። አንዳንድ ቀን ያለቀስሁት ለአንተ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ባልቸገር ኖሮ እስከ ዛሬም አልወጣም ነበር እላለሁ፣ እሱም እውነት ነው። ደንበኞች ጥቁሬን አይተው «ማን ሞቶብሽ ነው?» ይሉኛል። ባሌ እላለሁ። «መቼ?» ሲሉኝ መልሱ እስኪመጣልኝ ጨርቁን አገላብጣለሁ። ጥቁሩን ዓመት ነው የሚለብሱት፤ የእኔ ዓመት ከሞትህበት ቢቆጠር አልፏል፣ ካለቀስሁበት ቢቆጠር ገና መጀመሩ ነው። ካለቀስሁበት ልቁጠረው ብያለሁ፤ ይቅር በለኝ፣ ለእኔ የሞትኸው የዚያን ቀን ነው።

ዓመቱ ሲሞላ የክርስትና ስምህን ለቄሶቹ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ከእቴ የሻረግ ጋር ተስማምተናል። ድግሱም ጉና ላይ አይሆንም። ሰፈርህ ሁሉ ወርዶ እዚህ ይበላል፤ መኪናዬን ወደ ጥግ ገፍቼ በረንዳው ላይ አግዳሚ እደረድራለሁ። አልኖርበትም ባልኸኝ ከተማ፣ አልወጣም ባልሁህ ቤት ውስጥ፣ ስምህ በየዓመቱ ይጠራል። የሚከለክለኝ አከራይ የለም።