ቀይ እየሆነች ያስቸገረችን ድመት

ውድ ልጄ ሚጣዬ፣

ደህና ነሽልኝ? እኔ ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ። እናትሽ አልባሰባትም፣ አትደንግጪ። ያናደደችኝ ድመቷ ናት።

እናትሽ አንደበቷ ከተያዘ ወዲህ እንድንግባባ ብለሽ ላፕቶፑ ላይ የሠራሽልን ድመት፣ ጅራቷን እያወዛወዘች ጥሩ አገልግላናለች። እናትሽ ስክሪኑ ላይ ቀዩን ቁልፍ ስትነካ ድመቷ ትቀላለች፤ አመመኝ ማለት ነው። ሰማያዊው ውሃ፣ አረንጓዴው ደህና ነኝ። አንቺ ለሥራ ከሄድሽ በኋላ ግን ሦስቱንም እያፈራረቀች ትነካና ታለቅሳለች። ግራ ገባኝ። ፎቶሽን ሳሳያት ይዛ አልለቅም አለች። ስለዚህ አራተኛ ቁልፍ ልጨምርላት አሰብኩ፤ አንቺን የምትጠራበት።

በስልክ «አባዬ፣ በናትህ አትንካው፣ ስመጣ እሠራዋለሁ» ብለሽኛል። መቼ እንደምትመጪ ግን አልነገርሽኝም። ነካሁት። አንደኛ፣ ቀዩን ቁልፍ ኮፒ አደረግሁ። ሁለተኛ፣ ቢጫ ቀባሁት። ሦስተኛ፣ ስምሽን ጻፍኩበት። ኮራሁልሽ! ለካ ከሥሩ ያለው፣ ድመቷን የሚያቀላው ኮድ አብሮ ተገልብጧል፤ ቢጫውንም ስትነካው ድመቷ የምትሆነው ቀይ ነው።

እኔ ምኑን አውቄ! ከወጥ ቤት ሆኜ የማየው ድመቷን ነው። ቀላች? ክኒን ይዤ እሮጣለሁ። እናትሽ ትተፋዋለች። ትናንት ጭራሽ ግንባሬ ላይ ወረወረችው። አክስትሽ ሶፋው ላይ በሳቅ ፍርስ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የምታክመው ሚስትህን ነው ድመቷን?»

«ቀልታለች እኮ!»

«ጣቷን እያት እንጂ! የምትነካው ቢጫውን ነው።»

ይህን እንዳለች ሳቋ ቆመ። እኔም ክኒኑን ከመሬት ሳላነሳ ቆሜ ቀረሁ።

ኮዱን ላስተካክል ብዬ ብነካካው ድመቷ ጭራሽ ጠፋች። እንደምንም መለስኳት፤ ያው ቀይ። ንድድ ብሎኝ ተውኩት። አሁን ጣቷን ነው የማየው። ቢጫውን ስትነካ «ትመጣለች» እላታለሁ። መልሳ ትነካዋለች። «መቼ?» ማለቷ ነው። ለዚህስ ምን ብዬ ልመልስላት?

አንደኛ፣ የምትመጪበትን ቀን ንገሪኝ። ሁለተኛ የለም።

ስትመጪ ድመቷን ቢጫ ታደርጊያታለሽ። ካልመጣሽ ግን እንዲሁ ትቅር፤ እናትሽ ያንቺን ቁልፍ ስትነካ ድመቷ መቅላቷ ውሸት አይደለም።

ስልክሽን የሚጠብቀው
አባትሽ