የእህቴ ልጅ ማዳመጫ

ሰኞ ጥቅምት 3

ሁለት መቶ ሱሪ ቆረጥኩ። ሰማያዊ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም። አውራ ጣቴ እንደ ልማዱ ደንዝዟል። ቤት ገብቼ ፊቴን ታጥቤ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ጌም ገባሁ። ድልድዩን ልንይዝ ሦስት ደቂቃ ሲቀረን ማይኬ ተንኮሻኮሸ። "መቀስ፣ በርሜል ውስጥ ገብተሽ ነው የምታወሪው?" አለ አብሮኝ ከሚጫወቱት አንዱ። ጌሙ ላይ ስሜ መቀስ ነው። ከዚያ ድምፄ ጭራሽ ጠፋባቸው። ተሸነፍን። በእኔ ምክንያት።

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጌም እንደምጫወት የሚያውቀው ይኼ ደብተር ብቻ ነው። ዕድሜዬንማ ጉልበቴም ያውቀዋል።

ማክሰኞ ጥቅምት 4

ሱቅ ሄድኩ። ግድግዳው ሙሉ ማዳመጫ። ጥቁር፣ ነጭ፣ መብራት የሚያበራ... ሻጩ "ለማን ነው እናቴ?" አለኝ። "ዝም ብዬ ሳይ ነው" ብዬ ወጣሁ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ማዳመጫ እኮ ነው። ፊቴ ግን እሳት ሆነ።

ረቡዕ ጥቅምት 5

የስፌት ማሽኖቻችን መካኒክ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል። አንገቱ ላይ ሁሌ አንድ ትልቅ ማዳመጫ አለ። ምሳ ሰዓት ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። ገመድ የሌለው፣ ማይክ ያለው፣ ለጌምም ለሙዚቃም የሚሆን።

"ለማን ነው እትዬ?"

"ለእህቴ ልጅ።"

አመለጠኝ። እህቴ ልጅ የላትም።

እሱ ደግሞ ደስ ብሎት ያስረዳኝ ጀመር። "ብሉቱዝ ብቻ ያለውን እንዳትገዢለት። ለዘፈን ምንም አይል፣ ለጌም ግን ድምፁ ይዘገያል። ከሞተ በኋላ ነው ተኩሱን የሚሰማው።" ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያም፣ ብሉቱዝም፣ ሁለቱም ያለው ይሻላል አለ። በመቀበያው ይጫወትበታል፣ በብሉቱዙ ከስልኩ ዘፈን ይሰማበታል። ማይኩ ደግሞ ወደ አፍ የሚታጠፍ። ሁሉንም የልብስ ቆረጣ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"አሥራ አራት።"

ይኸው፣ ዕድሜም ሰጠሁት።

ዓርብ ጥቅምት 7

መካኒኩ አልለቀቀኝም። "ነገ ይዘሽው ነይና ሦስታችን ሱቅ እንሂድ። ማዳመጫ ሳይለኩት አይገዛም። ካጠበቀው አንድ ሰዓት ሳይሞላ አውልቆ ይጥለዋል።"

"አይችልም።"

"ለምን?"

"እግሩ... ተሰብሮ ተኝቷል።"

ባለካውያዋ ከኋላችን ነበረች። ያለቀውን ልብስ ሁሉ የምትተኩሰው እሷ ናት፣ ከሁላችንም ትበልጣለች። ካውያዋን አቁማ "የማን ልጅ?" አለች። ነገርኳት። ደረቷን ያዘች። የራሷ ልጅ ከደረጃ ወድቆ ስንት ወር እንደተኛባት ሁላችንም እናውቃለን። "እናቱን አሰብኳት" አለች።

እኔ ግን አላሰብኳትም... እህቴን ማለቴ ነው።

እሑድ ጥቅምት 9

እህቴ ደወለች። መጋረጃዋ ረዝሞባታል። "እታለም፣ አንድ ቀን ሥራ ቦታሽ ላምጣልሽ?" አለች። "አይ አይ፣ እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ" አልኳት። ቶሎ ብዬ። ታናሼ ናት፣ ግን ነገር ቶሎ ይገባታል። ዛሬ አልገባትም።

ስንት ሐኪም ቤት አብሬያት ዞሬያለሁ። ኮሪደር ላይ ቦርሳዋን ይዤ የምጠብቃት እኔ ነበርኩ። መጨረሻ ላይ "በቃኝ፣ ከእንግዲህ አንሂድ" ያለችውም እኔን ነው። የሰው ዘመድ ሁሉ ሞልቶ በእሷ ላይ ልጅ ልፍጠር? የጎረቤት ልጅ ማለት አቅቶኝ?

ማክሰኞ ጥቅምት 11

"ልጁ እንዴት አደረ?" ባለካውያዋ ናት፣ ገና በሩ ላይ። "ደህና አደረ።" ትናንትም እንዲሁ። "ጠዋት ጠዋት ስሙን ሳላውቅ እየጸለይኩለት ነው" አለችኝ። ጨርቅ ፍለጋ ጠረጴዛው ስር ገባሁ። ምንም ጨርቅ አልነበረም እዚያ።

ቅዳሜ ጥቅምት 15

ትናንት መካኒኩ የራሱን ማዳመጫ ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። "መምጣት ካልቻለ ውሰጂለትና ይሞክረው። ሰኞ ትመልሺልኛለሽ።" እምቢ ብል ይሻል ነበር። ወሰድኩ።

ዛሬ ከሰዓት አደረግኩት። ወይ ጉድ... ከጀርባዬ የሚመጣውን ሰው ኮቴ ሰማሁ። በግራ ይሁን በቀኝ አወቅኩ። "መቀስ፣ ዛሬ ከበርሜሉ ወጣሽ" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ሳቄንም ሰሙ። ሦስቴ አሸነፍን። ከዚያ ዘፈን ከፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ።

በታመመ ልጅ ስም። በሌለ ልጅ።

ሰኞ ጥቅምት 17

"ምን አለ?" አለኝ መካኒኩ።

"ዘፈኑ ግሩም ነው አለ። ግን ትንሽ ይከብዳል፣ ጆሮም ያሞቃል። የጆሮው ትራስ ቆዳ ባይሆን፣ ጨርቅ ቢሆን አለ።"

"ጎበዝ ልጅ ነው። ጆሮ አለው።"

ደስ አለኝ። ልጁ ሲመሰገን እኔ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ምሳ ላይ ባለካውያዋና ሌሎቹ "ልንጠይቀው እንምጣ" አሉ። ቤቱ ሩቅ ነው አልኩ። መኪና አለ አሉ። ሐኪሙ ሰው እንዳይበዛበት ብሏል አልኩ። ይኸው ሐኪምም ቀጠርኩለት። ልናገር ነበር እኮ። ተነስቼ አፌን ከፈትኩ። "እትዬ፣ ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ" አለኝ መካኒኩ። ቁጭ አልኩ።

ረቡዕ ጥቅምት 19



አዝራር ላመጣ መጋዘን ሄጄ ነበር። አንድ ሰዓት ቢሆነኝ ነው። ስመለስ ሁሉም ፈገግ ብለው ጠበቁኝ። እህቴ መጥታ ነበር። በዚህ በኩል ስታልፍ መጋረጃውን ላድርስ ብላ።

የአዝራሩን ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩ።

እየተሻሙ ነገሩኝ። ባለካውያዋ አቅፋ "አይዞሽ፣ ልጅሽን እግዜር ይማርልሽ" አለቻት። መካኒኩ ሣጥን አወጣ። ለካ ገንዘብ አዋጥተው ማዳመጫ ገዝተዋል። ቀለል ያለ፣ ትራሱ ጨርቅ የሆነ፣ ልክ "ልጁ" እንዳለው። ለእኔ ሊሰጡኝ ነበር፣ እናቱ ስትመጣ ለእናቱ ሰጧት።

"እሷስ ምን አለች?"

"አሜን አለች። ይሻለዋል አለች። ትንሽ አለቀሰች እንጂ... እናት አይደለች?"

አላጋለጠችኝም። ሣጥኑን ይዛ ሄደች። መጋረጃው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ የሚያጥረው ቦታ በስፒል ተይዞ። ደወልኩ። አላነሳችም። እንደገና ደወልኩ።

ሐሙስ ጥቅምት 20

ከሥራ በቀጥታ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ በሩን ከፈተልኝ፣ ሰላም አለኝና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ያውቃል ማለት ነው። ሣጥኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ሳይከፈት።

እታለም አላለችኝም።  ሣጥኑን እያየች፣

"ስሙን ማን አልሽው?" አለች።

"ስም አላወጣሁለትም።"

"ዕድሜውስ?"

"አሥራ አራት።"

ራሷን ነቀነቀች። ሁሉንም ነገርኳት። ጌሙን፣ ማይኩን፣ ሱቁን፣ ማፈሬን። "በጌም ነው ያፈርሽው?" አለች። "በእሱ ብቻ?" 

ይቅርታ አልኳት። "ቆይ" አለችኝ። "ሴትዮዋ ስታቅፈኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ? ደስ አለኝ። አንድ ደቂቃ ያህል ልጅ ያለኝ መሰለኝና ደስ አለኝ። ይኼን ነው ይቅር ልልሽ ያቃተኝ።"

ልወጣ ስል ሣጥኑን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ፣ ልመልስላቸው ብዬ። "ተይው" አለች። "ለእኔ ነው የሰጡኝ። አንቺ መጀመሪያ ሂጂና ንገሪያቸው።"

ዓርብ ጥቅምት 21

ነገርኳቸው። ምሳ ሰዓት፣ ማሽኖቹ ሲጠፉ። መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ፣ እዚያ መቆም ስለለመድኩ።

"የታመመ ልጅ የለም። እህቴ ልጅ የላትም። ማዳመጫው ለእኔ ነበር። ጌም እጫወታለሁ።"

መንገድ ላይ የተለማመድኩት ብዙ ነበር። የወጣው ይኼ ነው።

አንዷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ማንም አልሳቀም። መካኒኩ "ለራሴ ነው ብትዪኝ ኖሮ እኮ እትዬ... ያው ነበር የምነግርሽ" አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዘባችሁን እመልሳለሁ አልኩ። "ገንዘቡን ማን ጠየቀሽ" አለች ባለካውያዋ። ጀርባዋን ሰጠችኝ። "ስንት ጠዋት ጸለይኩለት" ስትል ሰማኋት፣ ለካውያዋ ነው የነገረችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... አልተከፈተችም። ከሰዓት መቶ ሃያ ሱሪ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ ጥቅምት 25

ሰላም ይሉኛል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማሽናቸው። ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። መጋረጃውን አሳጠርኩ። ሁለቴ ሰፍቼ ሁለቴ ፈታሁት፣ ጠርዙ እንዳይዛባ። ባሏ መጥቶ ወሰደው።

እሑድ ጥቅምት 30

በአሮጌው ተጫወትኩ። ማይኩ ዛሬ ትንሽ ነፍስ ዘርቷል። "መቀስ፣ ተመልሰሽ በርሜል ገባሽ?" አሉኝ።

"አዎ" አልኩ። "አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ልብስ ቆራጭ ነኝ፣ ማዳመጫዬ ተበላሽቷል።" ምን እንዳናገረኝ እንጃ።

 ከዚያ አንዱ "እሺ መቀስ፣ አንቺ በግራ በኩል ያዢ" አለ። ጨዋታው ቀጠለ።

ይኼው ነው? ይኼን ፈርቼ ነው እህቴን እዚያ ሰው መሀል ያቆምኳት?

ሐሙስ ኅዳር 4

ጠዋት ገና ካፖርቴን ሳልሰቅል ባለካውያዋ መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን አይታው አታውቅም። እጇን ሽርጧ ላይ እየጠረገች፣

"እህትሽ እንዴት አደረች?" አለችኝ።

አፌ እንደ ልማዱ "ደህና" ሊል ነበር። ያዝኩት።

"አላውቅም" አልኳት። "ፈርቼ አልደወልኩላትም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" ብላኝ ወደ ካውያዋ ሄደች።

መጋዘን ገብቼ ደወልኩ። ብዙ ጠራ። ልዘጋው ስል ተነሳ። ድምፅዋ ቅርብ፣ ጥርት ያለ፣ ትንፋሿ ሳይቀር።

"ዘፈን እየሰማሁ ነበር" አለች። "በማዳመጫው ነው የማወራሽ። ከፈትኩት።"

"እንዴት አደርሽ?" አልኳት።

"ደህና አይደለሁም" አለች። ከዚያ ነገረችኝ። ስለዚያን ቀን። ሣጥኑን ታቅፋ አውቶቡስ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠች። ከዚያ በፊት ስላሉት ዓመታትም፣ እኔ ቦርሳ ይዤ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ ውስጥ ሐኪሞቹ ምን ይሏት እንደነበር። ጠይቄያት አላውቅም ነበር እኮ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አላቋረጥኳትም፣ አላጽናናኋትም። የሥራ መግቢያው ደወል ተደወለ፣ አልተነሳሁም።

ጨርሳ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

"ይሰማል ግን፣ እታለም?" አለች።

"ይሰማል" አልኳት።