የዓይን መመልከቻውን የጠገንኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
አሁንም አልበራም። ባትሪ ድንጋዩ ፈስሶ የውስጥ ስፕሪንጉን በልቶታል። እጀታው የእጅ ባትሪ ይመስላል፤ አናቱ ላይ ጥፍር የምታህል መስታወት አለች። ያመጣችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር ሮማን ናት። በዚህ ሲያዩ የዓይን ውስጡ እስከ ኋላው ይታያል አለች። ጤና ጣቢያው ያለው ይኸው አንዱ ነው። ዓርብ የዓይን ሐኪም መጥቶ የስኳር በሽተኞችን ያያል። አስካለም አለችበት፣ የሟች ባለቤቴ የዘነበች ታናሽ እህት። እኔ ሰዓት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም ብላት፣ “ጋሼ ተሰማ፣ ከሰዓት የባሰ ምን ረቂቅ አለ?” ብላ ጥላብኝ ሄደች።

ዘነበችንም የወሰዳት ስኳር ነው። መጀመሪያ ዓይኗን። ይጋረድብኛል ስትለኝ፣ የዕድሜ ነው፣ መነጽር እገዛልሻለሁ አልኳት። ደብተሬ፣ ይህን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት
በራ! ከአሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ስፕሪንግ ቆርጬ ተካሁለት። ፈረቃችን ስለሆነ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሙሉ መብራት የለም፤ ሱቄ ግድግዳ ላይ ግን ክብ ብርሃን። ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ። መስታወቷን በጠበል ወለወልኳት። ለበረከት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
ወይ ጉድ! ጠበሉ ደርቆ መስታወቷን ነጭ ነጠብጣብ አድርጓታል። ብርሃኑ ዥጉርጉር። የካ ሚካኤል አስቀድሼ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል ሳቁ። ጠበል ለሰው ነው ልጄ፣ ብረት ምን ኃጢአት አለው አሉኝ። ለበረከት ብቻ ነበር? ወይስ ሥራዬ እንዲከበርልኝ? ሁለቱም ይመስለኛል።
ለሲስተርም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። አልኮልና ጥጥ ሰጠችኝ። ቀስ ብዬ፣ ሦስት ጊዜ። ጠራ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
መመልከቻውን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስረከብኩ። ሲስተር መጀመሪያ በእኔ ሞከረችው። መጋረጃውን ዘግታ ጉንጯ ጉንጬን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። አፈርኩ፤ አቀረቀርኩ። “ጋሼ፣ ግድግዳውን ይዩ እንጂ! ወለሉ ምን ያደርግልዎታል?” አየሁ። ከአዲስ ይበልጣል አለች!
ከዚያ ሐኪሙ አስካለን አያት። እንደገና አያት። ትንንሽ የደም ነጠብጣብ አለ፣ ገና መነሻው ነው፣ አሁን ከታከመች ዓይኗ ይተርፋል አለ። ይተርፋል! እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ውስጡ ቀይ፣ የደም ሥሩ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ። አማተብኩ። አስካለ አላስቻላትም፦ “ጋሼ፣ ውስጤን አየኸው አይደል? ያማሁህ ሁሉ ተጽፎ ይሆን?” ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግሬ ወረድኩ። ጉልበቴ ዛሬ የጎረምሳ ነው። አስካለ ነገ ለዓይኗ የሌዘር ጨረር ሕክምና ሆስፒታል ትሄዳለች። ብቻዬን እሄዳለሁ፣ ሥራህን አትፍታ አለችኝ። ዘነበችም እንዲሁ ብላኝ ነበር። እኔም እሺ ብዬ ሥራዬን ስሠራ ዋልኩ።
ነገ ሱቁ ዝግ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት በሯ ላይ እቆማለሁ።