የቀኝ እግሬ ጫማ አልወልቅ ብሏል

ኮርቢ፣

ከዳቦ ቤቱ ስትመለስ ይህን አንብብ፤ ድመቷ በልታለች፤ ብትጮህብህ አትመናት። ማሞቂያውን ዝቅ አድርጌዋለሁ።

ያዋስከኝን የእህትህን የስኪ ጫማ፣ ያን የበረዶ መንሸራተቻውን፣ ጠዋት ልለካው ብዬ አጠለቅኩት። የግራው ወለቀ። የቀኙ ዘለበት ግን አልከፈት አለ። በማንኪያ ታገልኩት፤ ማንኪያህ ተጣመመ፣ ይቅርታ። ባቡሩ አይጠብቀኝም፤ እንዲሁ እየወጣሁ ነው፣ አንድ እግሬን በስኪ ጫማ፣ አንዱን በሸራ ጫማ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሁበር ደረጃው ላይ ምን ሲንኳኳ እንደነበር ከጠየቁህ እኔ ነኝ።

የተራራው ካርታ ላይ ለጀማሪ የሚሆነው ሰማያዊው የመንሸራተቻ መስመር ነው ወይስ ቀዩ? ነግረኸኝ ነበር፣ ጠፋብኝ። ከተኳረፍን በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልጠይቅህ።

ትናንት «ያላንተም እችላለሁ» ያልኩህን

እሱን ተወው። እኔ ግን ተራራ በሌለበት ሜዳ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴን አጥፌ መንሸራተት ስለማመድ እንደዚያ መሳቅ አልነበረብህም።

የሆቴሉን ክፍል የያዝኩት ለሁለት ሰው ነው፤ አልሰረዝኩትም። ቀትር ላይም ባቡር አለ።

ና አላልኩህም። ካልመጣህ ግን ዛሬ ጫማዬን እንዳደረግኩ ነው የምተኛው።

ዊብከ