በእነሱ ዘንድ ስሜ ማን ነበር?

ትርሲትዬ፣ ዓለሜ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና እንደሆንሽ ፓስተሩ ባገኘኝ ቁጥር ይነግረኛል። ከተለየሽኝ በረዶው አንዴ ወርዶ ቀልጧል፣ ይኸው ሁለተኛው ሊጀምር ሰማዩ አመድ መስሏል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ቀንቻለሁ። ሰው በሞተች ሚስቱ ይቀናል ወይ ትዪኝ ይሆናል። ይቀናል እንጂ! በአንድ ወንድ ቢሆን እንኳ ይቀልለኝ ነበር፤ ስሙን ጠርቼ እራገመው ነበር። እኔ የቀናሁት አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ላይ ነው፣ ግማሾቹም ሴቶች ናቸው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልሽ። እዚያው ቶሮንቶ ጄን ኤንድ ፊንች ሠፈር፣ እዚያው ሰባተኛው ፎቅ ነን። ከሁለቱ ሊፍቶች አንዱ ዛሬም አይሠራም። ልጅሽ ሊያ የስፌት ማሽንሽን ወደ ክፍሏ ወስዳ የራሷን ሱሪ ታሳጥርበታለች፤ ክሩ ሲበጣጠስባት በእንግሊዝኛ ትሳደባለች። አከራዮቹ የሕንፃውን መስኮት በሙሉ እየቀየሩ ነው። ሊያ ታዲያ መስኮቱ ከተቀየረ አይቀር ያንን የሰፋሽውን ቡናማ መጋረጃ አውርደን ብላይንድስ የሚሉትን የፕላስቲክ መከለያ እንስቀል ብላ ያዘችኝ። አይሆንም አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ላንቺ ልንገርሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እነሱ ስትሄጂ፣ ማምሻውን እዚያ መስኮት ላይ ነበርኩ። የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣቴ ገለጥ አድርጌ፣ የጓደኛሽ የአስቴር ግራጫ መኪና ፓርኪንጉ ውስጥ እስክትገባ አያለሁ። አንቺ ከመኪናው ስትወርጂ ጫፉን ለቅቄ ሶፋው ላይ ዘፍ እልና ቴሌቪዥን እከፍታለሁ። ስትገቢ ዞር ብዬም አላይሽም። አንቺም አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ዜናው ምን አለ ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ምን እንዳለ የት አውቄው!

ምን ላድርግ ታዲያ? ከእነሱ በፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። በአራት ዓመትሽ ማጅራት ገትር ጆሮሽን እንደወሰደው፣ ቤተሰቦችሽ ዱዳ ናት ብለው እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ያስገቡሽ እንደነበር ያጫወትሽኝ ለእኔ ነው። ቋንቋሽን ጣቴን እየያዝሽ አስተማርሽኝ፣ እኔም የሠፈሩን አፍ ሁሉ ችዬ አገባሁሽ። ቶሮንቶ ስንመጣ ባንክ ቤት እኔ ነኝ፣ ክሊኒክ እኔ ነኝ፣ የሊያ ትምህርት ቤት ስብሰባ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ትርሲት ምን አለች ብሎ ወደ እኔ ይዞራል። ወደ አንቺ የሚያስገባው በር እኔ ነበርኩ፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ አስቴር መጣች። የፊንች አውቶቡስ ላይ ከሊያ ጋር በእጅሽ ስታወሪ አይታ፣ ያን ሁሉ ሰው ገፍታ አጠገብሽ ደረሰች። እሷም እንደ አንቺ አትሰማም፣ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ቁጣዋም እሳት ነው። ከእሷ ኋላ ሌላው መጣ፣ ከዚያም ሌላው። ብሉር ጎዳና ላይ ካለው ቤቷ ሳሎን ተነስታችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት እስኪጠብባችሁ ደረሳችሁ።

አንድ ቅዳሜ ልወስድሽ መጥቼ በር ላይ ቆሜ አየሁሽ። ከእኔ ጋር ስታወሪ እኔ እንድከተልሽ ብለሽ እጅሽን ቀስ ታደርጊው ነበር። እዚያ ግን እጅሽ ይበር ነበር! አንዱን ቃል ይዤ ስታገል ሦስቱ ያመልጠኛል። ከዚያ አስቴር የሆነ ነገር አለችሽ፣ አንቺም ጭንቅላትሽን ወደኋላ ጥለሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ፣ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ያን ሳቅ አላውቀውም ነበር። ስንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ አንድ ቀን አምጥቼው አላውቅም። መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ልወስድሽ መጥቼ አላውቅም፣ አስቴር ታድርስሽ አልኩ።

ያቺን እሑድ ደግሞ እንዴት እረሳታለሁ። በየዓመቱ የፈውስ ጸሎት ቀን ሲመጣ መስማት የተሳናቸው ወደ ፊት ይውጡ ይባላል፤ ፓስተሩ ጆሯችሁን ይይዛል፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ እናንተም ያው ጆሯችሁን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አንቺ ለሰው ይሉኝታ ብለሽ ስትወጪ ኖረሻል። የዚያን እሑድ ተጠራችሁ፣ የተነሳ የለም። ድጋሚ ተጠራችሁ። አስተናጋጁ መጥቶ አስቴርን ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት ሁላችሁም አንድ ላይ ዓይናችሁን ጨፈናችሁ።

ዓይን ስትጨፍኚ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! ስንጣላ ነገሩ በቃኝ ስትዪ ዓይንሽን ትከድኚዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ እጄ ቢገነጠል አታዪኝም። ጉባኤው ግን መንፈስ የነካችሁ መሰለው። ሃሌ ሉያ ቀለጠ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ለስለስ ያለ ዜማ ጀመረ፣ አንዱ ሽማግሌ መሐረቡን አውጥቶ አለቀሰ። ከሚሰሙት ሁሉ አድማ ላይ እንደሆናችሁ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳቄም መጣ፣ ደሜም ፈላ። ተመካክራችሁበት ለእኔ ትንፍሽ አላላችሁም። ደግሞ ያ ዓይን መጨፈን የእኔና የአንቺ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በኋላ ነገሩ ሲገባቸው ጠሯችሁ። ሸሚዜን ተኩሼ ላስተረጉምልሽ ስዘጋጅ፣ ሌላ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሄዳችሁ፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተሰጠኝ። እኛ በሽተኞች አይደለንም አልሽ። ጆሯችንን ተዉት፣ መጸለይ ካማራችሁ ስለ ቤት ኪራያችን ጸልዩልን አልሽ። በራሳችን ቋንቋ አገልግሎት ይኑረን፣ መሪያችንን ራሳችን እንምረጥ፣ ከእንግዲህ በእኛ ፈንታ መድረክ ላይ ማንም እንዳይናገር፣ ባሎቻችንም ቢሆኑ አልሽ። ባሎቻችንም! ከእናንተ ባሎች እዚያ ክፍል ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩሽ፣ ሽሮሽን ግን በላሁ።

እነሱም እንጸልይበት አሉ። እንጸልይበት ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ መቼም ታውቂያለሽ። እናንተም መልስ አልጠበቃችሁም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ፣ አሥራታችሁንም ይዛችሁ ቀራችሁ፤ የአስቴር ሕንፃ ሥር ባለው አዳራሽ ራሳችሁ አመለካችሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እዚያ ድረስ መጥተው እስኪለምኗችሁ ድረስ አልተመለሳችሁም። ዛሬ መሪያችሁን መርጣችኋል፣ የራሳችሁ አገልግሎት አላችሁ፣ ፓስተሩም ጣቱ እየተሳሰረበት የእጅ ፊደል ይማራል። ሪጀንት ፓርክ ሠፈር ያለችው ያቺ መስማት የተሳናት ልጅ ትዝ ትልሻለች? እንግዳ ሲመጣ አጎቷ መኝታ ቤት የሚያስገባት? አጎትየው በር ላይ ቆመሽ አልሄድም ያልሽው? አሁን ከመድረክ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነበው እሷ ናት፣ አጎቷም እዚያው ተቀምጦ ያያታል። ሥራችሁ ትልቅ ነው፣ እሱን አልክድም። እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ሲሆን የእኔ እጅ አለመፈለጉ ነው።

ለቅሶሽ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ አስቴር ለወገኖቿ ልትናገር ተነሳችና፣ እንዲያዩዋት መብራቱን ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ አደረገችው። እትዬዎቹ መብራት ተበላሸ ብለው ተንጫጩ፤ አንዷ የሕንፃውን ጥገና ሠራተኛ ኮል አድርጋ ጠራችው። ሰውዬው የመፍቻ ሳጥኑን ተሸክሞ ሲገባ ግማሹ ቤት በድምፅ፣ ግማሹ ቤት በእጁ ያለቅሳል። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት እሱም ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። አስቴር ስትናገር ትከሻዋን ገፋ፣ መዳፏን ደግሞ በር እንደምትከፍት አድርጋ ወርወር ታደርጋለች፣ ደጋግማ። ሊያን ምንድን ነው የምትለው አልኳት። የማሚ ስም ነው አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ትርሲት፣ እኔ ስጠራሽ የኖርኩት ጉንጬን ነክቼ ነው፣ በስርጉድሽ። እነሱ ግን ስም አውጥተውልሽ ነበር፤ በር ገፍታ የምትከፍተዋ። ስምሽን ሳላውቅ ቀበርኩሽ።

ያን ቀን የገባብኝ ነገር እስካሁን እንቅልፍ ነሳኝ። ስታወሪኝ በስም ጠርተሽኝ አታውቂም፤ እርግጥ በእጅ ለሚያወራ ሰው ፊቱ ያለውን ሰው ስም መጥራት አያስፈልገውም፣ ወለሉን መታ መታ ካደረግሽ እዞራለሁ። ለሊያም አባትሽ ነው የምትያት። ለእነሱስ? ለእነሱ ምን ብለሽ ነበር የምትጠሪኝ? ስም ነበረኝ? ወይስ ከእነሱ ጋር ስትሆኚ ጭራሽ አልነሳም ነበር? አስቴርን መጠየቅ አልፈለግሁም። ሞቼ ነው አስቴርን የምጠይቃት!

ዓመትሽ ሲደርስ እሷው መጣች፤ መታሰቢያውን እኛ እናዘጋጃለን አለች። ሚስቴ ናት፣ አይሆንም አልኩ። ሊያ ተነስታ ነገሩ ስለ አንተ አይደለም ዳዲ ብላ በሩን ዘጋችብኝ፣ የአንቺን ቁጣ ወስዳዋለች። በመጨረሻ ተስማማን፤ እናገራለሁ፣ ግን በእጄ። የእኔ ምልክት ደግሞ የወጥ ቤት ምልክት ነው፣ ጨው አቀብዪኝና በሩን ዝጊው ለማለት እንጂ ለመድረክ አይሆንም። ከሊያ ጋር ምድጃው አጠገብ ቆመን ተለማመድን፤ እሷ እየሳቀች፣ እኔ እያላበኝ።

ቀኑ ደረሰ። የእናንተ ሰዎች ከፊት፣ የምንሰማው ከኋላ ተቀመጥን። መድረኩ ላይ ወጣሁ። ጉንጬን ነክቼ ጠራሁሽ። ተያዩ፤ ስለ ማን ነው የሚያወራው ተባባሉ። ያኔ ትከሻዬን ገፍቼ በሩን ከፈትኩ፣ ከዚያ ጉንጬን ነካሁ፣ አንድ ናት አልኳቸው። እጃቸው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ ተርገበገበ፣ የእናንተ ጭብጨባ ነው። ያቺ የሪጀንት ፓርኳ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ሆና ጉንጯን ነካች፤ ከዚያ ሌላው ነካ። የቀረችኝን አንዲት ስም ለእነሱ ሰጥቼ ወረድኩ። በዚያችም ቀናሁ።

አስቴር ልታመሰግነኝ ተነሳች። ወደ እኔ ጠቆመች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ አየር ላይ የሆነ ጫፍ ያዘች፣ ገለጥ አደረገችው፣ በአንድ ዓይኗም አጮለቀች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያንተ ስም ነው ዳዲ አለችኝ።

ታውቂ ነበር! አስቴር ሳቁ ሲያባራ ቀጠለች፣ ሊያም ቃል በቃል ነገረችኝ። መኪናው ከሕንፃው ሥር ሲቆም ቶሎ አትወርጂም ነበር አሉ። ቀና ብለሽ ሰባተኛውን ፎቅ ታያለሽ፣ መጋረጃው እስኪነቃነቅ ትጠብቂያለሽ። አንድ ቅዳሜ እንቅልፍ ጥሎኝ ኖሮ፣ ሰውዬው ገና ነው፣ ቆይ ብለሽ አስቴርን በዚያ ብርድ አስጠብቀሻት ነበር አሉ። ጫፉ ሲነቃነቅ ፈገግ ትዪና ትወርጃለሽ። ላይ ወጥተሽ ደግሞ ምንም እንዳላወቀ ሰው ዜናው ምን አለ ትዪኛለሽ። አንቺ ሴት!

አዲሱ መስኮት ገብቷል። መጋረጃውን ሊያ ራሷ አጥባ መልሳ ሰቀለችው፣ ስለ ብላይንድስ ድጋሚ አላነሳችም። እኔም አሁን የእናንተ አገልግሎት ቀን እሄዳለሁ፤ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ከሚባለው ግማሹ ያመልጠኛል፣ እጃቸው ሲበር አሁንም ያናድደኛል። ስወጣ አስቴር በዚያች ግራጫ መኪና ታደርሰኛለች። ከሕንፃችን ሥር ስታቆም ቶሎ አልወርድም። ቀና ብዬ ሰባተኛውን ፎቅ አያለሁ። አስቴር ሞተሩን ሳታጠፋ ትጠብቀኛለች። መጋረጃው አይነቃነቅም። ትንሽ ቆይቼ እወርዳለሁ።

ዓይኔ እስካለ ድረስ ያን መስኮት ሳላይ አልገባም፣ ትርሲትዬ።

ያንቺው መጋረጃ ገላጭ