በድመቷ የክትባት ደብተር መሀል

እህት ዓለም፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔም ሱቁም ደህና ነን።

የድመትሽ ጡት ሥር እብጠት ስላገኘሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ናሙና ስትወስድ ፊቴን ባዞር «ጋሼ፣ በሽተኛው እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ግን ካንሰር መሆኑን ነገረችኝ። «ኸር-ቱ የሚባል ፕሮቲን በዝቶባታል፤ የጡት ዕጢን ጠባይ የሚያሳይ ምልክት ነው። የጡት ካንሰር ለያዛቸው ሴቶችም ይኸው ይመረመራል» አለችኝ። ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው።

ለዚያ የክትባት ደብተሯን ስፈልግ በመሳቢያሽ አገኘሁት። መሀሉ ላይ የታጠፈ የሐኪም ቤት ወረቀት ነበር፤ ኸር-ቱ ይላል፣ ስሙ ግን የድመቷ አይደለም። ቀኑን ከዕለት ማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁት። «ለሥልጠና ልሄድ ነው» ካልሽኝ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል። እኔ ደግሞ ሻንጣሽን ተሸክሜ «ጎበዝ፣ ኮራሁብሽ» እያልኩ ሸኘሁሽ! የጨርቅን ጥራት በጣቴ ዳብሼ የማውቅ ነጋዴ፣ የእናቴን ልጅ ፊት ማንበብ አቃተኝ። ድመትሽን አምነሽ ሰጠሽኝ፤ ይህን ግን አላመንሽኝም።

ከዓርብ ጀምሮ ሱቁን እዘጋለሁ። ድመቷን ሐኪሟ ትይዝልኛለች። አድራሻሽን ላኪልኝ፤ የሥልጠናውን አይደለም። ከላይ «ለጤናሽ እንደምን ነሽ» ያልኩትም ለወግ አይደለምና መልሺልኝ።

ወንድምሽ